ተቀበል የማይባልበት ማሲንቆ

የጎንደርን የድሮ ዜማዎች «በአዲስ መልክ» የሠሩ ቅጂዎችን ሰሞኑን ደጋግሜ ሳዳምጥ ሰነበትኩ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከበሮው ከኮምፒዩተር ይወጣል፣ ኪቦርዱ ክፍተቱን ሁሉ ይሞላል። ማሲንቆው መጀመሪያ ላይ ለሃያ ሰከንድ ያህል «እኔም አለሁ» ይልና ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ይጠፋል። እንግዲህ ባህልን ማዘመን የሚባለው ይኼ ነው!

ጠቤ ከኤሌክትሪክ ጋር አይደለም። ነገሩን ለማስረዳት እስቲ ቺካጎ ደርሼ ልመለስ። ከአሜሪካ ደቡብ የተሰደዱ ጥቁሮች ብሉዝ የሚባለውን እንጉርጉሯቸውን ይዘው ነው ወደዚያ የፋብሪካ ከተማ የገቡት። መዲ ዋተርስ ከሚሲሲፒ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ጫጫታ በነገሠበት መሸታ ቤት ታዲያ ያቺ ኪስ የምትገባ አርሞኒካ ከየት ትሰማ? ሊትል ዋልተር የተባለው ወጣት አርሞኒካውንና ማይክሮፎኑን በመዳፎቹ አንድ ላይ አፍኖ በድምፅ ማጉያ ነፋው። ድምፁ ሻከረ፣ ወፈረ፣ እንደ ሳክስፎን አገሳ። በ1952 የተቀረፀው «ጁክ» ግጥም የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር የአርሞኒካ ነው። ሮሊንግ ስቶንሶች በ2016 ባወጡት አልበም እንዲህ ያሉ 12 የድሮ ብሉዞችን እንደገና ተጫውተዋል፤ ቀረፃውን የጨረሱት በሦስት ቀን ነው። ከዋናዎቹ ጋር ሳስተያያቸው ብዙም የጨመሩት ነገር አይታየኝም። ቢሆንም አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ እየተደማመጡ እንደተጫወቱት ያስታውቃል።

የእኛስ? የእኛ ሊትል ዋልተር ጌታቸው መኩሪያ ነበር እላለሁ። ሰውዬው የይፋት ልጅ ነው፤ ጎንደሬዎች አይቀየሙኝ። የደጋው ሰው በየሰርጉ የሚያወርደውን ሽለላና ቀረርቶ ከሰው ጉሮሮ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ያ ፈረንጅ የሠራው ቆርቆሮ ይፎክራል፣ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ እንደገና ይነሳል። በ2006 ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር «ሞአ አንበሳ»ን አወጣ። ልጆቹ ጊታራቸውን ያስጮኻሉ፤ ሽማግሌውን ግን አይሸፍኑትም። ጌታቸው በ2016 አረፈ። እኔ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሽለላውን አንድም ጊዜ አላጣሁትም።

ወደ ማሲንቆው ልመለስ። ከዓመታት በፊት ጎንደር ውስጥ አንድ አዝማሪ ቤት አምሽቼ ነበር። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት «ተቀበል!» አሉና ስንኝ ወረወሩ። አዝማሪው ተቀበላቸው፤ ግን የመጨረሻዋን ቃል ጠምዝዞ ለራሳቸው መለሳት። ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ ማሲንቆው አብሮ ሳቀ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደጋኑን ያዝ አደረገ፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ይኼንን መጠበቅ ኮምፒዩተር አያውቀውም። ምቱ አስቀድሞ ተቆርጦ ተሰጥቷል፤ ቢሳቅም ቢለቀስም ይሄዳል። የማሲንቆ አንዲት ጭራ ደግሞ እንደ ክራር ለእያንዳንዱ ድምፅ የተቃኘ ክር የላትም። ጣት እየተንሸራተተ ነው ድምፁን የሚያገኘው፣ ዘፋኙንም እንደ ጥላ የሚከተለው። በፒያኖ ልክ የተቃኘ ኪቦርድ ሲጫንባት፣ በተለይ አንቺ ሆዬ ላይ፣ ያ መንሸራተት ስህተት ይመስላል። ከዚያማ የስቱዲዮው ባለሙያ «ያስተካክለዋል»።

ከዚህ የሚብሰው ሽፋኑ ላይ ያለው ነው። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል። ሕዝብ መቼም ክፍያ አይጠይቅ! ጎንደር አጠገብ እንዳለው ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ እንጀራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ይሰጣል። የኪቦርዱ፣ የቅንብሩ፣ የፎቶግራፍ አንሺው ሳይቀር ስም ተጽፎ የማሲንቆ ተጫዋቹ ከቀረ፣ ሰውዬው ምን ይዞ ይክሰስ?

ለሚቀጥለው ቅጂ አዘጋጆች አንዲት ልመና አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ሳይከፈት በፊት ዘፋኙንና አዝማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጡና አንድ ምሽት ይጫወቱ፤ ተቀበል የሚል ሰውም አይጥፋ። ከበሮውን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። የአዝማሪውንም ስም ከነአባቱ ጻፉልን።