የምላጭ ሠሪው መጽሐፍ፦ ስለ ዣን ዣክ ፔሬ «ፖጎኖቶሚ» የቀረበ ሒስ

ጺምን በውሃና በሳሙና አርሶ በምላጭ መላጨት ከዕለት ተግባሮች ሁሉ ታናሹ መስሎ ይታያል። ስለዚህም ሊቃውንት ስለ ነገሥታት አክሊልና ስለ ጦረኞች ሰይፍ ብዙ ሲጽፉ፥ በየማለዳው ከሰው ጕሮሮ ላይ ስለሚያርፈው ስለት የጻፉት ጥቂት ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ የፓሪስ ቢላዋና ምላጭ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1769 ያሳተመው «ፖጎኖቶሚ» ከዚህ ከጥቂቱ አንዱ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሆኖ ጺም መቍረጥ ማለት ነው፤ ዓላማውም ሰው ራሱን በራሱ መላጨትን እንዲማር ነው። መጽሐፉን ለምርመራ የሚያበቃው ግን ስለ ጺም የተናገረው ብቻ አይደለም። ተናጋሪው ምላጩን በእጁ የሚሠራው ሰው ራሱ መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ የእጅ ሥራ ሁሉ በብዕር ይመዘገብ ጀምሮ ነበር። ዴኒ ዲድሮ የመራው «ኢንሲክሎፔዲ» ከ1751 እስከ 1765 ጽሑፉ በ17 ጥራዝ ሲታተም፥ የቢላዋ ሠሪዎች ሥራም በሥዕል ተደግፎ ገብቶበታል። ዲድሮ ራሱ በላንግር ከተማ የቢላዋ ሠሪ ልጅ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ታላቅ ሥራ ልማድ፥ የተማረው ሰው ወደ ሠሪው ቤት ሄዶ፥ አይቶና ጠይቆ እንዲጽፍ ነው። በፔሬ መጽሐፍ ግን ጠያቂና ተጠያቂ በአንድ ሰው ተገናኝተዋል።

የዚህም ጥቅም በነገሩ አመራረጥ ይታያል። ከውጭ የሚያይ ጸሐፊ ዓይኑን በሚላጨው ፊት ላይ ያሳርፋል፤ ፔሬ ግን ከመላጨቱ ጥበብ ጋራ ልዩ ልዩ የመሳያ ድንጋዮችን የመለየቱንና ለምላጭ የሚሆነውን ቆዳ የማዘጋጀቱን ዘዴ በአርእስቱ ላይ ሳይቀር አስፍሯል። ይህ ትክክል ነው። ምላጭ ከድንጋይ ላይ ሲሳል ጀርባውና አፉ አንድነት ድንጋዩን ይነካሉ፤ ስለዚህ የስለቱን ቅጥነት የሚወስነው ሠሪው ለጀርባው የሰጠው ውፍረት ነው። በድንጋይ ላይ አፉ ቀድሞ ይሄዳል፤ በቆዳ ላይ ግን ጀርባው ይቀድማል፥ አለዚያ ቆዳውን ይቈርጠዋል። ዐረብ ብረቱም ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ በኋላ፥ ገጹ የገለባ ቀለም እስኪይዝ ድረስ በለስላሳ እሳት ካልተመለሰ፥ አፉ እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። በፊት ላይ የሚታየው ልስላሴ እንግዲህ ከሳሙናው አስቀድሞ በእቶኑና በድንጋዩ የተወሰነ ነው።

መጽሐፉ በመጨረሻ ስለ ደም መፍሰድ ማስታወሻ ማከሉ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ይመስላል። በፓሪስ ቀዶ ጠጋኞች ከጺም ላጮች በሕግ የተለዩት በ1743 ነው፤ መሣሪያው ግን የማኅበሮቹን መለያየት አላወቀም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ግልጽ ነው። ምላጭ ጠጕር እንደሚላጭ ሁሉ የዋግምት ደም ይበጣል፤ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጣል» የሚለው ተረትም መሣሪያውን የሚያስበው ከመላጨቱ ይልቅ ከመብጣቱ ጋራ ነው።

ጕድለቱም ሊሸሸግ አይገባም። አንደኛ፥ መጽሐፉ የሚናገረው ለሚያነብና የራሱን ምላጭ፥ ድንጋይና ቆዳ ለመግዛት ለሚችል ሰው ነው፤ ሁለተኛ፥ ነጋዴ ስለ ሸቀጡ ሲናገር ምስክርነቱ ከማስታወቂያ ጋራ ይቀላቀላል። ሦስተኛውና ዋናው ግን፥ የእጅ ዕውቀት በቃል አለመጨረሱ ነው። ምላጩ በፊት ላይ ምን ያህል ይዘንበል ቢባል መልስ ይገኛል፤ አገጭ ሲታጠፍ እጅ ምን ያህል መቅለል እንዳለበት ግን እጅ እንጂ መጽሐፍ አያስተምርም። ፔሬ ይህን ያወቀ ይመስላል፤ አፉ ጥቂት ብቻ እንዲወጣ አድርጎ ስለቱን በእንጨት ሽፋን የጋረደ ምላጭ አብጅቷልና። ትምህርቱ ያልደረሰበትን እንጨቱ እንዲጠብቅ አደረገ። የዚህ አሳብ ፍጻሜ በ1903 ለገበያ የቀረበው የጂሌት ምላጭ ነው፤ የደነዘዘው ቅጠል ይጣላልና ባለቤቱ ድንጋይም ቆዳም አያስፈልገውም፤ ሠሪውንም አያውቀውም። ዛሬም በፈረንሳይ በቲየር፥ በጀርመንም በዞሊንገን ምላጭን በእጅ የሚሠሩ ቢኖሩም፥ ቍጥራቸው ጥቂት ነው።

የመጽሐፉ ታላቅ ዋጋ እንግዲህ ለመላጨት ከሚሰጠው ምክር ይልቅ ለባህል ተመራማሪ በሚያቀርበው ጥያቄ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የሕፃኑ ቍንጮ የተተወው፥ ሐዘንተኛዋም ራሷን የተላጨችው በቀጥቃጭ ምላጭ ነበር። ምላጩን የሠራው ሰው ግን ቡዳ እየተባለ ይሸሹት፥ በሥራውም ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነቀፋው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ራሱን ለሠሪው ምላጭ ያዋሰ ሕዝብ ለሠሪው ክብሩን ነፈገው።

ስለ ቍንጮና ስለ ጋሜ የሚጽፍ ሁሉ የጠጕሩን ቅርጽ ከመዘርዘር አልፎ፥ ምላጩን ማን ቀጠቀጠው፥ በምን ድንጋይ ሳለው፥ የብረቱን መድረስ በምን አወቀ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ፔሬ ብዕርና መዶሻ በአንድ እጅ መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል። ብዕር ያልያዘው ቀጥቃጭ ደግሞ ወናፉን እየነፋ ሊመልስ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ከመስፉ አጠገብ ተቀምጦ በአክብሮት የሚጠይቀው ሰው ነው።