የገፋፊው እጅ

ወደ ተራራው ገዳም፣ ወደ አሸተን ማርያም የወጣ ሰው ትንፋሹን እስኪሰበስብ ካህናቱ የብራና መጻሕፍታቸውን አውጥተው ያሳዩታል። ጎብኚው ሥዕሉን፣ ሲበዛም የጽሕፈቱን ጥራት ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ፍየሉን የገፈፈውን ሰው ነው።

የብራና ዕጣ የሚወሰነው ገና ከዕርዱ እንደተነሡ ነው። ቢላዋ የሚያስፈልገው ሆዱን በቁመት፣ እግሮቹንም በውስጥ በኩል ለመተልተል ብቻ ነው። ከዚያ ገፋፊው ጡጫውን በቆዳውና በሥጋው መካከል አስገብቶ እየገፋ ያላቅቃል፤ ቆዳው ሳይበሳ ወልቆ ይመጣል። ችኩል ሰው ግን እስከ መጨረሻው በስለት ይሄድበታል። የስለቱ ጫፍ የነካው ቦታ ያኔ ለዓይን እንኳ አይሞላም። ብራና ፋቂው ቆዳውን ነክሮ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ሲወጥረው ነው ጉዱ የሚታየው፤ ያቺ ጭረት አፏን ከፍታ ክብ ቀዳዳ ትሆናለች። ወይ በክር ትሰፋለች፣ ወይ ጸሐፊው ዙሪያዋን እየዘለለ ይጽፋል። የቆዩ ብራናዎች ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል። (እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያን ገጾች ይበልጥ እወዳቸዋለሁ።)

ገላው ተሞልቶ በሙዚየም እንዲቆም የሚፈለግ አውሬም ሲገፈፍ ጥንቃቄው ይኸው ነው። 

ለብራና ግን ከመግፈፉ በኋላ ብዙ መፋቅ አለ። ስብ የቀረበት ቆዳ ቀለም አይቀበልም።