የጀምስ ብሩስ የቁስቋም ሕክምና፤ ስለ ሕፃናት ትኩሳትና ስለ ክትባት

የጎንደርን ዘመን የሚያጠና ተማሪ የእስኮትላንዱን ተጓዥ የጀምስ ብሩስን መጽሐፍ ሳያገላብጥ አያልፍም። እኛ ልንመረምር ያሰብነው ስለ ዓባይ ምንጭ ወይም ስለ ራስ ሚካኤል ስሑል ጦርነት የጻፈውን አይደለም፤ በ1770 (እ.ኤ.አ.) በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በቁስቋም በፈንጣጣ የተያዙትን ልጆች እንዴት እንዳስታመመ የሚተርክበትን ክፍል ነው። ይህን ክፍል እንደ ሕክምና ጽሑፍ ልንመዝነው እንወዳለን።

ብሩስ በየካቲት ወር ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣው ገብቶ ነበር። በእቴጌይቱ ልጅ በወይዘሮ አስቴር ቤት ሕመሙ በጸና ጊዜ አስታማሚዎቹ በሩን ዘግተው፥ እሳት አንድደው፥ ሻማ አብርተው፥ ሕመምተኛውን ልብስ ደራርበው ትኩስ መጠጥ ይሰጡት ነበር። አንድ የዋልድባ መነኩሴም በቆርቆሮ ሳሕን ላይ በቀለም ይጽፉና ጽሕፈቱን አጥበው ያጠጡ ነበር። (ዛሬ «ክትባት» የምንለው ቃል «ከተበ»፥ ማለት «ጻፈ» ከሚለው ግስ ጋራ ዘመድ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።) ብሩስ ግን በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ በሙቅ ውሃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከሕመምተኞቹ የሞቱም የዳኑም ነበሩ፤ ከዳኑት አንዱ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አይቶ ክንፉ ነው።

ታዲያ ያዳናቸው መስኮቱ ነውን? ከባዱ የፈንጣጣ ዓይነት እንኳ ከያዛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ይገድል ነበር፤ ይህ ማለት ከሦስቱ ሁለቱ ያለ ሐኪምም ይተርፉ ነበር ማለት ነው። ብሩስ በሐላብ ከሐኪሙ ከፓትሪክ ራስል ጥቂት ተማረ እንጂ በሙያው ሐኪም አልነበረም፤ መጽሐፉም የታተመው ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ1790 ነው። ደግሞም ቤት መዝጋቱን የዚህ አገርና የምሥራቁ ዓለም ልማድ አድርጎ ያቀርበዋል። ነገር ግን በአውሮፓም ሕመምተኛን በሙቀት ማፈን የተለመደ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም ይህን የተቃወመው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ነው። የቁስቋም እናቶች ከለንደን እናቶች የተለየ አላደረጉም።

ቢሆንም ስለ ማስታመሙ ብሩስ ትክክል ነበር እንላለን። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን መጠቅለል ሙቀቱ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ ላብም ውሃውን ይጨርሰዋል። ዛሬም ኩፍኝ በገባበት ቤት «ነፋስ እንዳይመታው» ተብሎ ልጁ ሲሸፈን እናያለን። የሚበጀው ስስ ልብስ፥ አየር፥ ብዙ መጠጥ፥ ጡት ሳያቋርጡ ማጥባት፥ በጤና ጣቢያም ቫይታሚን ኤ ማግኘት ነው። ኮምጣጤው ግን ይቅር።

የብሩስ ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ወደ ስናር ከወረደ በኋላ በዚያ ያሉ ሴቶች ፈንጣጣን «ሲገዙ» አይቶ ጽፏል። በሽታው መግባቱን ሲሰሙ በታመመው ልጅ ክንድ ላይ የጥጥ ጨርቅ ይጠመጥማሉ፤ ስንት ቁስል እንደሚገዙ ከእናቲቱ ጋራ ይዋዋላሉ፤ ጨርቁንም ወስደው በገዛ ልጃቸው ክንድ ያስሩታል። ይህ ዘዴ እውነተኛውን በሽታ ስለሚሰጥ አደጋ ነበረው፤ ነገር ግን «ገና ያልያዘው ማን ነው? መቼስ ይሰጠው?» የሚለውን ጥያቄ የያዘ ነው። ቁስቋም ላይ የብሩስ ሐሳብ ከታመመው ልጅ አልጋ አላለፈም። መስኮት የታመመውን ያሳርፋል እንጂ ያልታመመውን አይጠብቅም። ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ ያስወጣው በ1971 የተጀመረው የክትባት ዘመቻ ነው፤ የመጨረሻውም ሕመምተኛ በ1976 በኦጋዴን ተገኘ።

ለኩፍኝ ዛሬ በአገራችን የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፥ ከ2019 ወዲህም ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ወረርሽኝ ሲነሣ 6 ወር የሞላውም ሊከተብ ይችላል፤ ይህ ግን ከሁለቱ አይቆጠርም። ብዙ እናቶች ልጁ ከስቷል ወይም ጉንፋን ይዞታል ብለው ቀኑን ያሳልፉታል። ቀላል ትኩሳት ግን አያስከለክልም፤ የከሳውማ ኩፍኝ ቢይዘው ይበልጥ ስለሚጎዳ መቅደም ይገባዋል።

የብሩስን መጽሐፍ ለጤና ተማሪዎች የሚያስነብብ መምህር ካለ፥ የቁስቋሙን ገጽ ከስናሩ ገጽ ጋራ አያይዞ ቢሰጣቸው እንወዳለን።