ስለ ሳውዝሃምፕተኑ የነጋዴ ቤት እድሳት

በእንግሊዝ አገር በደቡብ ጠረፍ በምትገኘው በሳውዝሃምፕተን፣ ፍሬንች ስትሪት በሚባለው መንገድ፣ ጆን ፎርቲን የተባለ ነጋዴ በ1290 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሠራው ቤት ይገኛል። ቤቱ በ1980ዎቹ ታድሶ ለሕዝብ ተከፍቷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ቤቱን ማወደስ ሳይሆን እድሳቱ የተመራበትን ሐሳብ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ፎርቲን ከቦርዶ ጋራ ይነግድ ነበር፤ ቦርዶም በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ስለ ነበረች የወይን ጠጁ ንግድ ደርቶ ነበር። የቤቱ አሠራር ይህንኑ ይመሰክራል። ከታች የድንጋይ ቅስት ያለው ምድር ቤት አለ፤ ሙቀትና ብርድ ስለማይፈራረቅበት ለወይን ጠጅ የተስማማ ነው፤ በርሜሉም በመኖሪያው መካከል እንዳያልፍ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ ይወጣል። ከዚህ በላይ በመንገዱ በኩል ሱቁ፣ ከመካከል እስከ ጣሪያው ክፍት የሆነው አዳራሽ፣ ከኋላ እልፍኙ ይገኛሉ። በፎቅ ያሉትን ሁለት መኝታ ክፍሎች በአዳራሹ በኩል የሚያልፍ መተላለፊያ ያገናኛቸዋል። ስለዚህ መሸጥ፣ መብላትና መተኛት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደ ተደለደሉ ተመልካቹ ያለ አስተማሪ ይረዳል። ይህ የአዳሾቹ ትልቅ ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ቤቱ እስከ ዘመናችን የደረሰው ትውልድ ተከታትሎ ስለ ኖረበት ነው። በኋለኞቹ ዘመናት ተከፋፍሎ የብዙ ሰው መኖሪያ ሆኗል፤ መጠጥ ቤትም ሆኗል። የጥንቱ አካል የተገለጠው በ1940 የጀርመን ቦምብ ከጐዳው በኋላ ነው። አዳሾቹ ግን ወደ መጀመሪያው መልኩ ለመመለስ ሲሉ ኋለኞቹ የጨመሩትን ብዙ ነገር አነሡ፤ በምትኩም በጥንቱ አምሳል አዲስ የተሠሩ የቤት ዕቃዎች አኖሩ። ነገሩ ብራናን ፍቆ የታችኛውን ጽሕፈት እንደ ማንበብ ነው፤ የታችኛው ይነበባል፣ የላይኛው ግን ዳግመኛ አይገኝም።

የሁሉም ዘመን ሥራ ቢደባለቅ ተመልካቹ ግራ ይጋባል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ እውነትነት አለው። ነገር ግን ቢያንስ አንድ ክፍል ኋለኞቹ እንደ ተዉት ቢቆይ ኖሮ፣ ፎርቲን ከክብሩ ምንም ባልጐደለበት ነበር። አሁን ያሠራው ሰው በስሙ ይታወሳል፤ እየኖሩበት ያቆዩት ሰዎች ግን በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነዋል።