እርሾ ብትሉት ምን አለበት?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህኛውን ግን የመጋዘን ጠባቂ ያወጣው ይመስለኛል። «ሕያው ማዳበሪያ»! ሁለት ቃል ናት። የመጀመሪያይቱ እውነቱን ትናገራለች፤ ሁለተኛይቱ ተከትላ ታፍነዋለች። ሥነ ጽሑፍ ማስተማሩን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ቃል ላይ የመጣበቅ አመሌ ግን አልለቀቀኝም። ስለዚህ የግብርና ቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን (ዘንድሮ «ስታርትአፕ» ነው የሚባሉት) በራሪ ወረቀትና መግለጫ እንደ አንድ የድርሰት ዓይነት ቆጥሬ ማንበብ ይዣለሁ። ድርሰቱ ጀግና አለው፤ ጠላትም አለው፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ ሠርግ ነው። የሚጎድለው ገበሬው ብቻ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው? አበባ የያዘ ባቄላ ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ። ሥሩ ላይ ምስር የሚያካክሉ እብጠቶች ታገኛላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ አልጀመረም፣ ወይም ጨርሷል። እዚያ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባቄላው ስኳር ይቀልባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለእሱ እንዲስማማ አድርገው ይሰጡታል። የደጋ ገበሬ ባክቴሪያውን አላየውም እንጂ ባቄላ የዋለበት መሬት ለቀጣዩ ገብስ እንደሚመች ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ጀርመኖቹ ሄልሪገልና ቪልፋርት ምክንያቱን ያስረዱት በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ሆላንዳዊው ቤየሪንክ በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። ገና ያ ምዕተ ዓመት ሳያልቅ ኖቤና ሂልትነር የተባሉ ሌሎች ጀርመኖች «ኒትራጂን» ብለው ለገበያ አቀረቡት። በራሪ ወረቀቱ «አብዮታዊ» የሚለው ነገር እንግዲህ ከአድዋ ድል ጋር እኩያ ነው።

በእኛም አገር አዲስ አይደለም። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የግል ድርጅት ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለምስርና ለአኩሪ አተር የሚሆን ባክቴሪያ በከረጢት እያዘጋጀ ይሸጣል። በሆላንዱ ቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው «ኤን ቱ አፍሪካ» ፕሮጀክትም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓመታት ከገበሬው ማሳ ላይ ሲያስተዋውቀው ነበር። ለአንድ ሄክታር ባቄላ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይበቃል። በስኳር ውኃ ረጠብ ባለ ዘር ላይ ጥላ ሥር ሆነው ይለውሱታል፤ ሳይውል ሳያድር ይዘሩታል፤ ወዲያው አፈር ያለብሱታል። በቃ። ጋሸና ላይ ኩንታል ማዳበሪያ በአህያ ሲጫን ያየ ሰው ግማሽ ኪሎ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ስሙ ላይ ነዋ! ለሕክምና አዲስ አበባ የመጡ አንዲት የላስታ እናት ነገሩን ከእኔ በተሻለ ገልጸውልኛል። «እማማ፣ እዚች ከረጢት ውስጥ ያለችው ነፍስ ያላት ነገር ናት። ከዘር ጋር ትለወሳለች፤ ትንሿ ለብዙ ትበቃለች» አልኳቸው።

«እርሾ ናታ!» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም፣ «ታዲያ ልጄ፣ ከማዳበሪያው ጋር ቆርቆሮ ቤት ምን ልትሠራ ገባች?»

ይኸው ነው። «ማዳበሪያ» ያልነው ዕቃ እንደ ማዳበሪያ ይያዛል። ከዩሪያው ጋር በአንድ መኪና ይጫናል፤ በቻይና መንገድ ከወልድያ በዲልብ አቋርጦ ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ቆርቆሮው በግንቦት ፀሐይ ሲግል እዚያው መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ዩሪያ ቢሞቀው ምንም አይል፤ ባክቴሪያው ግን ያልቃል። ከረጢቱ ግን ያው ከረጢት ነው፤ ጽሑፉም ያው ነው። ገበሬው ሬሳ ከዘሩ ጋር ለውሶ ይዘራል። ባቄላው እንደ ዱሮው ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት በሕይወት ያለውን ብታመጡለት ማን ይሰማችኋል? እርሾ ተብሎ ቢሆን ኖሮ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ ፀሐይ አይንካው፣ የከረመ አይበጅም ብሎ የሚያስተምር ባለሙያ ባላስፈለገ። እያንዳንዷ የላስታ ቤት የቡሆ ዕቃ አላት።

መንገዱም ቢሆን እንደ ልብ አይደለም። ላሊበላ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተመላልሳለች፤ በነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሌላ ውጊያ መጣባት። በዚያው በ2023 የአማራ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተን ክረምቱ ሊያልፍብን ነው ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኸዋል። ኩንታሉ በጊዜ በማይደርስበት አገር፣ ቀኗ የተቆጠረ ከረጢት በሰኔ ትደርሳለች ማለት ብዙ ማመን ይጠይቃል።

ወረቀቶቹ የሚዘሉት ሌላም አለ። ባክቴሪያው ፎስፈረስ አይሠራም፤ መሬቱ ፎስፈረስ ከሌለው ባቄላውም ባክቴሪያውም አብረው ይራባሉ። ደግሞ ባቄላ ለዘመናት ሲዘራበት የኖረ አፈር የራሱ ባክቴሪያ አለው። እንግዳው ከባለቤቶቹ ጋር ተጋፍቶ ሥሩ ላይ ቦታ መያዝ አለበት፤ ሁሌም አይሳካለትም። አኩሪ አተር አዲስ በገባበት ቆላ የታየን ውጤት አምጥቶ ለላስታ ባቄላ መስበክ ስለዚህ ትክክል አይደለም። «መሬቱን ያድሳል» የሚለውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። ፍሬው ወደ ጎተራ፣ ገለባው ወደ ከብቱ ከሄደ ለገብሱ የሚቀረው ሥሩና የረገፈው ቅጠል ነው። የላስታ ሰው ደግሞ ገለባ አይጥልም። በሬውን ምን ሊያበላው?

ይህ የተስፋ ድርሰት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቦስተኑ ኢንዲጎ የጥጥን ዘር በረቂቅ ተሕዋስያን በመቀባት ጀምሮ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሲኤንቢሲ በሚያወጣው የአዳዲስ ኩባንያዎች ዝርዝር አንደኛ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ወሬው ሁሉ ስለ እህል ገበያና ስለ ካርቦን ሽያጭ ሆነ። ለበቆሎና ለስንዴ ናይትሮጅን ያመጣሉ የተባሉ ምርቶችን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ገለልተኛ ሆነው ሲፈትሹ፣ በ2023 ባወጡት ዘገባ ከ61 ሙከራ ምርት የጨመረው 2ቱ ላይ ብቻ ነበር። የባቄላው ባክቴሪያ ከእነዚያ ይለያል፤ ሥራው በመቶ ዓመት የተፈተነ ነው። የሚያናድደኝም ይኼው ነው። እውነተኛ ነገር ይዘው እንደ ጠንቋይ ያወራሉ!

ብር በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ማዳበሪያ ለሩብ ሄክታር ባለቤት ምን እንደሆነበት ገበሬውን ጠይቁ። እንዲህ ላለው ሰው ግማሽ ኪሎ እርሾ ቀልድ አይደለም፤ በሕይወት ከደረሰው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሦስት ነገር በጉልህ ይጻፉልን፦ የምትሞትበትን ቀን፤ «አንድ ትልም ሳትለውስ ዝራና አወዳድር» የሚል፤ አበባ ሲይዝ ነቅሎ፣ እብጠቱን ሰንጥቆ ቀለሙን እንዲያይ የሚነግር። ቦታ ጠበበን እንዳትሉኝ። ከረጢቱ ላይ የምትደረድሩት ዓርማ ከያዘው ግማሹ ይበቃል።