ቅጥሩ አልቆ በሩ ሲቀር

በወጣቶች ኅብረታችን መጽሐፈ ነህምያ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበከው ምዕራፍ 2 ነው። በሌሊት የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ያየው ሰው ሕዝቡን ለሥራ ያስነሣል፤ እኛም መፈክር አድርገነው ቲሸርት ላይ እናትመዋለን። ውድ አንባቢያን፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ትረካ ብታነቡት ግን ስለ መጀመር ጥቂት፣ ስለ መጨረስ ብዙ ሲናገር ታገኙታላችሁ።

ይህን የምጽፈው በተለይ በስልካችሁ ለምትነግዱ ነው። እዚህ ጎንደር ቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ነጠላ፣ ጫማ ወይም የፀጉር ቅባት የሚሸጥ ወጣት ጥቂት አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብ መቀበል የደቂቃ ሥራ ሆኗል። መጀመር እንዲህ ሲቀል ተጀምሮ የተተወውም በዛ፤ ፎቶ ተለጥፎበት የተረሳ ቻናል፣ ቀብድ ተቀብሎ መልስ የማይሰጥ ስልክ። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። የአንዲት እናት ቀብድ ይዤ፣ አዲስ ቻናል ለመክፈት ስሯሯጥ ነጠላቸውን ሁለት ወር አዘግይቻለሁ። ሲደውሉ፣ «ልጄ፣ አንተ የጌታ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ነህምያን እንደገና ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እስቲ ምዕራፍ 3ን ተመልከቱ። ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን የምንዘለው ነው። ተራኪው ግን በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋግማል፤ በር ሲደርስ ሳንቃው መቆሙን፣ ቁልፉና መወርወሪያው መግባቱን እየጠቀሰ ያልፋል። ቴቁሐውያንንም ሁለት ጊዜ ያነሣቸዋል፤ ታላላቆቻቸው ለሥራ አንገታቸውን ባይሰጡም እነሱ ሌላ ተጨማሪ ክፍል ሠርተዋል። ድግግሞሹ አሰልቺ ቢመስልም ዓይናችንን ለሚመጣው ያዘጋጃል።

የሚመጣው በምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ ነው። የቅጥሩ ክፍተት ሁሉ ተደፍኗል፤ ተራኪው ግን በሮቹ ገና እንዳልገጠሙ በጨረፍታ ይነግረናል። የታሪኩ ጡዘት ያለው እዚህች ላይ ነው። ሰንባላጥና ጌሳም ነህምያን ወደ ኦኖ ቆላ የሚጠሩት ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ ያውም አራት ጊዜ። ከደጋ ቆላ መውረድ ምን እንደሚያስከፍል ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ደባርቅ የተመለሰ ያውቀዋል፤ መውረዱ ይቀላል፣ ቀኑን የሚበላው መውጣቱ ነው። የእኛ ኦኖ ብዙ ጊዜ መልካም ነገር መስሎ ይመጣል፤ አዲስ ሐሳብ፣ አዲስ ሎጎ፣ ጓደኛችን ያተረፈበት ሌላ ዕቃ።

ለመሆኑ በሩ ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምንድን ነው? መጽሐፉ መልሱን እስከ ምዕራፍ 13 ያቆየዋል። በ52 ቀን ያለቀው ቅጥር ተመርቋል። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ጦብያ በእግዚአብሔር ቤት ክፍል ተሰጥቶት፣ ነጋዴዎችም በሰንበት ሲገበያዩ ያገኛል። ያን ጊዜ በሰንበት ዋዜማ በሮቹ እንዲዘጉ ያዝዛል። በሮቹ ያኔ ባይገጠሙ ኖሮ ምን ይዘጋ ነበር?

በንግዳችሁ ቅጥሩ ለሁሉ የሚታየው ክፍል ነው፤ ስሙ፣ ፎቶው፣ የተከታዩ ብዛት። በሩ ደግሞ ደንበኛው በእጁ የሚነካው ነው፤ ዕቃው በተባለው ቀን መድረሱ፣ ልኩ ያልሆነው መለወጡ፣ ሒሳቡ መዘጋቱ።

መጽሐፉ ሁሉንም ጥያቄያችንን አይመልስም። ነህምያ ገዥ ነበር፤ የንጉሥ ደብዳቤና የንጉሥ እንጨት ነበረው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሥራው የቆመበትን ወጣት፣ ነህምያን እየጠቀሱ መውቀስ ጭካኔ ነው። እንዲህ የሚወቅስ ሰባኪ ምዕራፍ 5ን ዘልሎታል። እዚያ በግንባታው መካከል በዕዳ የተጨነቁ ድሆች ጩኸት ይሰማል፤ ነህምያም አበዳሪዎቹን ሰብስቦ የወሰዱትን እንዲመልሱ ያደርጋል። ተራኪው ይህን ታሪክ በሥራው መሐል ማስገባቱ፣ ሰው እየተበደለ የሚያልቅ ቅጥር እግዚአብሔርን እንደማያከብር ያሳየናል። ስለዚህ መቀጠል ካቃታችሁ በሐቅ መዝጋትም መጨረስ ነው። ቀብዱን መልሱ፣ ለደንበኛው እውነቱን ንገሩ፣ ቻናሉን ዝጉ።

ነህምያ በአማርኛ የታተመበት ታሪክም ራሱ ስለ መጨረስ ያስተምረናል። አቡ ሩሚ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዊው ሹም ከአሰሊን ደ ሸርቪል ጋር ለ10 ዓመት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ እየተቀመጡ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ተረጎሙ። ሲታተም ሳያዩ ሞቱ። ወንጌላቱ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት በ1830 ጎንደር ሲገቡ ይዘው የመጡት ወንጌል የእኚህ ሰው ድካም ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በር ተዘግቶ የተሠራ ሥራ እኛ ከተማ ድረስ መጣ።

እናንተም አዲሱን ሐሳብ ደብተር ላይ ጻፉትና አቆዩት። በሳምንት ሁለት ቀን መርጣችሁ ለቀረው በር ስጡ። የእኔ በር የአንዲት እናት ነጠላ ነበር፤ በመጨረሻ እቤታቸው ድረስ ወስጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። አዲሱን ቻናል እስካሁን አልከፈትኩም።