የሩቅ ሌንስና የቅርብ እውነት

የስፖርትና የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ሲነሣ በቅድሚያ የሚወሳው የሌንስ ርዝመት ነው። ሌንሱ በረዘመ መጠን ሥራው ይልቃል የሚለው እምነት በብዙ ፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። ይሁንና ሌንስ መምረጥ ከትርኢቱ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጣል የሚወስን ፍርድ በመሆኑ፣ ይህን እምነት በሂስ ዓይን መመርመር ተገቢ ነው።

በባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ላይ የተገጠመ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ50 ሜትር ርቀት 36 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። የ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያው ቦታ የሚያስቀረው 4 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። የቀረው ምድር ከተመልካቹ ዓይን ይሰወራል።

ይህ መሰወር የሚበጅበት ጊዜ አለ። ጃፓናዊው ዲሬክተር ኮን ኢቺካዋ «ቶኪዮ ኦሎምፒያድ» በተሰኘው የ1965 (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ አበበ ቢቂላን በረጅም ሌንስ እያቀረበ ሲያሳየን፣ ከበስተኋላ ያለው ሕዝብ ደብዝዞ የሯጩ ፊት ብቻ ጎልቶ ይወጣል። አበበ በ1964ቱ ማራቶን 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገብቶ ተከታዩን ከአራት ደቂቃ በላይ በልጧል። ብቻውን የሮጠን ሰው ብቻውን ያሳየ ሌንስ እውነቱን ተናግሯል።

ከዋግ ምድር ከተከዜ ማዶ ባለው በሰሜን ተራራ ግን ጉዳዩ ይለያል። በገደል ላይ የሚውለው ዋልያ ሰው ስለማያስጠጋ ረጅም ሌንስ ግድ ይላል። በማለዳው ደካማ ብርሃንም ቀዳዳው 2.8 የሆነ ሌንስ 5.6 ከሆነው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባልና ጥቅሙ አያጠራጥርም። ሰው የለመደው የጭላዳ መንጋ ግን በሰላም ሣሩን እየነጨ ጥቂት ሜትር ድረስ ያስጠጋል። እርሱን በ400 ሚሊ ሜትር ነጥሎ ማንሣት ግጦሹን፣ እርሻውንና ገደሉን ያስወግዳል። ተመልካቹም አካባቢው ሰው ያልረገጠው ምድር ይመስለዋል። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ወደ ደባርቅ መዛወራቸውን ለሚያስታውስ፣ እንዲህ ያለው ምስል ከውበት ያለፈ ክብደት አለው። ፓርኩ መጠበቁ የሚደገፍ ነው፤ ጥበቃውን የሚያስረዳ ፎቶግራፍ ግን አውሬውንና ገበሬውን የሚያገናኘውን መሬት ሊሸሽግ አይገባም።

ሰቆጣ ላይ በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን የሚጀምረው የሻደይ ጨዋታም ይህንኑ ትምህርት ይሰጣል። እንቅስቃሴው እንደ ስፖርት ፈጣን በመሆኑ አንሺው ረጅም ሌንስ ይዞ ከዳር መቆም ይቀናዋል። ውጤቱ የአንዲት ልጃገረድ ውብ ገጽ ነው፤ በወገቧ የታሰረው ለምለም ሻደይ፣ ከበሮ መቺዋና ተቀባዮቹ ግን የሉም። ጨዋታው የኅብረት ሆኖ ሳለ ምስሉ የግል ይሆናል። የ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ የያዘ ግን ወደ ጨዋታው መቅረብ፣ ፈቃድ መጠየቅና ከተጫዋቾቹ ጋር መተዋወቅ ይገደዳል፤ ጥቅሙም ከዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ውድ ሌንስ የሌለው የሰቆጣ መምህር ወይም ወጣት አንሺ ራሱን ከጥበቡ ውጭ አድርጎ ማየት የለበትም። ካሜራውን ከማንሣቱ አስቀድሞ «የማነሣው ነገር የሚኖረው ብቻውን ነው ወይስ ከሌሎች ጋር?» ብሎ ይጠይቅ። የሌንሱን ርዝመት መወሰን ያለበት የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።